የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ የሀዋሳ ሰዎች፣ ይቺን አንብቡልኝ

አቶቴ አካባቢ ልጆችን ለኢንትራንስ የሚያዘጋጅ አንድ የባዮሎጂ መምህር አለ። ስሜ አይውጣ፣ ስራዬን ነው የሰራሁት ብሎ ሙጭጭ ስላለ ስሙን አልጽፍም። ሳላመሰግነው ዝም ብል ግን ህሊናዬ እሺ አይለኝም።

ከሱ በፊት ልጄን ሌላ ቱቶሪያል አስገብቻት ነበር። የት እንደሆነ አላነሳም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ክፍያው በቅድሚያ፣ አዳራሹ ጢም ያለ፣ አስተማሪው በማይክ። ከኋላ ለተቀመጠ ሰሌዳውም አይታይም። የድሮ ጥያቄ ከነመልሱ ኮፒ አድርገው «ሸምድዱ፣ ይሄው ነው የሚመጣው» ይሏቸዋል። ሞዴል ትፈተናለች፣ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሮ ይመለሳል፣ በቃ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትሽው የሚላት የለም። ሄጄ ስጠይቅ «ልጅዎ ባዮሎጂ አይሆናትም» አሉኝ። ብሬን ከበሉ በኋላ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። በ2014ቱ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ከተባለ ወዲህ ደግሞ እንቅልፍ ያለው ወላጅ የት አለ?

ይሄ መምህር በመጀመሪያው ቀን አላስተማራትም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተውጣጣ ጥያቄ ሰጣት። ስትጨርስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ይሄን ለምን መረጥሽ?» ይላታል፤ ያገኘችውንም ጭምር። ጥግ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«የሰው ሴል ስንት ክሮሞሶም አለው?»

«46።»

«ስፐርምስ?»

«23።»

«ለምን ግማሽ ሆነ?»

ዝም። አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ሳቅ ብሎ «አየሽ፣ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ። የቀረሽ ምክንያቱ ነው፤ እሱን አብረን እንይዘዋለን» አላት። ስታለቅስ የከረመች ልጅ ቀና አለች። ምክንያቱን እኔን እንዳትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የልጄን ፊት ግን አይቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ ተማሪዎቹን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይዟቸው ሄደ። በገዛ ገንዘቡ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው አንጀቱን ሲጠብቁ፣ ስንጥቡን ገልጦ አሳያቸው። ልቡንም አወጣላቸው። የዓሣ ልብ ሁለት ክፍል፣ የእኛ አራት መሆኑን ያን ቀን እኔም ተማርኩ፤ ይኸው ዓሣ ለብለብ ባዘዝን ቁጥር ቤተሰቡ በሙሉ ይማራል።

ውጤት ሲወጣ ባዮሎጂ 78! አይሆናትም የተባለችው ልጅ!

ቲቸር፣ እድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህ ይባረኩልህ። ወላጆች፣ እባካችሁ ብራችሁን አዳራሽ ለሞላ ሰው አትበትኑ፣ ወደዚህ ሰው ሂዱ። ብዙ ልጅ አይቀበልም፤ ክረምቱን ሳትጠብቁ ቀድማችሁ አናግሩት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ክፍያውን ከሱ ጋር ተነጋገሩ፤ የቸገረውን ልጅ ግን ሲመልስ አላየሁም።