የድሮ ጎራዴ ዝገት፦ አቼቶ ወይስ ዘይት?

ባህር ዳር ላይ ክረምት ሲገባ የጣና እርጥበት ብረት አይምርም፣ የአያት ጎራዴ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁ ታውቁታላችሁ።

አቼቶ ፈጣን ነው፣ ማታ ነክራችሁ ጠዋት በጨርቅ ስትጠርጉት ዝገቱ ልቅም ብሎ ይወርዳል። ችግሩ አሲዱ ዝገቱ ጋ አያቆምም፣ ደህናውንም ብረት ይበላል፣ መልኩ ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል፣ በዛ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ካልቀባችሁት ዐይናችሁ እያየ ብርቱካናማ ዝገት ይጀምረዋል። ደሞ ብዙ የድሮ ጎራዴዎች ብረታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው፣ ለምሳሌ ከጀርመን ዞሊንገን፣ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው አሉ፣ የተቀረጸው ስስ ስለሆነ አንዴ ከተበላ በቃ አይመለስም።

ዘይቱ ያደክማል። የሲንጀር (የልብስ ስፌት መኪና) ዘይት ቀብቶ ማሳደር፣ ከዛ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘይት አስነክሮ በብረቱ ርዝመት ብቻ ቀስ እያሉ ማሸት፣ ቀዩ ዱቄት ዘይቱ ላይ ሲወጣ እየጠረጉ መቀጠል ነው። ጠቆር ያለውን ተዉት፣ ብረቱን የሚበላው ቀዩ ነው። ጽሑፉ ጋ ስትደርሱ ወረቀቱን ጣሉትና በጨርቅ ብቻ።

ለመጥረቢያና ለማጭድ አቼቶ ይበቃል፣ ለጎራዴ ግን እኔ ዘይት ነው የምለው። ስትጨርሱ ደሞ የቆዳ አፎቱ ውስጥ አትመልሱት፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ለየብቻ አስቀምጧቸው።