የታሮት ምልክቶችን ለማጥናት፦ የትርጉም መጽሐፍ ወይስ የታሪክ መጽሐፍ?

የ78ቱን የታሮት ካርዶች (ዕጣ ፈንታ ለማንበብ የሚገለጡ ባለሥዕል ካርዶች) ምልክት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት መጻሕፍት ይገጥሙታል፦ ካርዶቹን አንድ በአንድ የሚፈቱ የትርጉም መጻሕፍትና ሥዕሎቹ ከየት እንደመጡ የሚያስረዱ የታሪክ መጻሕፍት።

ዋጋ፦ የትርጉም መጻሕፍት ረከስ ይላሉ፤ የቅጂ መብታቸው ያበቃ አሮጌዎቹማ በነጻ ይነበባሉ። የታሪክ መጻሕፍት ባለቀለም ሥዕል ስለሚበዛባቸው ይወደዳሉ።

ቅለት፦ የትርጉሙን ገልጦ ማንበብ ነው። የታሪኩ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስጋት፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የትርጉም መጻሕፍት የተመሠረቱት ሠዓሊዋ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በሣለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1909 በወጣው ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ ለሌላ ካርድ ሁልጊዜ አይሠሩም፦ ከእሱ በፊት በነበረው የፈረንሳይ ታሮት፣ በማርሴይ ካርድ፣ "ፍትሕ" 8ኛ፣ "ብርታት" 11ኛ ሲሆኑ በ1909ኙ ቦታ ተለዋውጠዋል። የማርሴዩ "አስማተኛ" ጠረጴዛ ዘርግቶ የእጅ ቅልጥፍናውን የሚያሳይ የአደባባይ ትርኢተኛ ነው፤ በኋለኛው ካባ የለበሰ ጠቢብ ሆኗል። ታሮት ከጥንታዊት ግብፅ መጣ የሚለውን የ18ኛው ክፍለ ዘመን ተረት እንደ እውነት የሚደግሙም አሉ። ካርዱ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ለጨዋታ የተሠራ ነው! እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገና መግቢያው ላይ እዘጋዋለሁ።

ለማን፦ የ1909ኙን ካርድ ይዞ ዛሬውኑ ለሚጀምር የትርጉሙ ይበቃዋል። የማርሴይ ካርድ ለያዘ ወይም ሥነ ጥበብ ለሚያጠና የታሪኩ ይቅደም።