ለእናቴ የከፈልኩበት ሐኪምና ያልተነሳው ስልክ

ድሬ ለ5 ሳምንት ቆይቼ ከተመለስኩ 10 ቀኔ ነው። ብስጭቴ ገና አልበረደም። ግን እናቱን ወይም አባቱን ድሬ ትቶ ውጭ የሚኖር ሰው ይህን ሳይሰማ ብር እንዳይከፍል ብዬ ነው የምጽፈው።

በረራው በሰዓቱ ደርሷል፣ ሻንጣዬም ሳይጎድል መጥቷል። ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም። የከነከነኝ የእናቴ ሕክምና ነው።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ስኳርም ግፊትም አለባት። ከዚራ ሰፈር ከምታግዛት ልጅ ጋር ትኖራለች። አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ ሰው በአባልነት እንደሚይዝ የሰማሁት ከመምጣቴ 4 ወር በፊት ነበር። ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ሐኪሙ የቤተሰብህ ሐኪም ይሆናል። ነርስ በወር ሁለቴ ቤት ትመጣለች። ወረፋ የለም። ስልኩ ደግሞ 24 ሰዓት ይሠራል። ለ6 ወር 48,000 ብር አሉኝ፣ በዕለቱ ላክሁ።

በዕለቱ የላክሁት ነገሩን ስለማውቀው ነው። ሲያትል የምሠራው እንደዚሁ ባለ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። እዚያ ኮንሲየርጅ ይሉታል፣ የተጀመረውም እዚያው ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሌላው የቤተሰብ ሐኪም ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ይዞ ሲሯሯጥ፣ በአባልነት የሚሠራው ጥቂት መቶ፣ አንዳንዱም ከዚያ ያነሰ ነው የሚይዘው። ክፍያው ሆስፒታል መተኛትን አይሸፍንም፣ ለዚያ ሰዎቹ ኢንሹራንሳቸውን ለብቻ ይከፍላሉ። የአባልነቱ ብር ለሐኪሙ ጊዜ ነው። ሲደውሉ የሚያውቃቸው ሰው እንዲያነሳላቸው ነው። እኛ ጋ አንድ ሽማግሌ ታካሚ አሉ፤ ገና "ሄሎ" ሲሉ ደህና አለመሆናቸውን ከድምፃቸው አውቃለሁ። ለእናቴም ይህንኑ ነበር የተመኘሁት።

በሦስተኛው ሳምንቴ፣ ቅዳሜ፣ እማዬ ከሰዓት በኋላ "አጥንቴን ቆረጠመኝ" ብላ ተኛች። እራትም አልበላች። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስነካት እሳት ናት። ለካሁት፣ 39.4። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። 11 ጊዜ ደወልኩ፣ ስልኬ ላይ አሁንም አለ። ውሉ ላይ የተጻፈው ሁለተኛ ቁጥር ዝግ ነው። መጨረሻ ላይ ዘበኛው አነሳ። "ሐኪሙ ሐረር ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ" አለኝ።

ሰኞ! እኔ ስልክ አንስቼ ለማንም ሰው "ሰኞ ይምጡ" ብዬ አላውቅም።

የምታግዛት ልጅ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ሦስት ቤት አልፋ የምትኖር፣ በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ቀሰቀሰች። ሲስተር የመጣችው በነጠላ ጫማ ነው። "ምን ሆንሽብን አቦ!" እያለች ገባች። በድሬ አንደበት፣ አንቺ ብላ። እማዬ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። እኔ ከአሜሪካ ያመጣሁትን የሕመምና የትኩሳት ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን፣ ውኃ ቀድቼ ልሰጣት ነበር። ሲስተር ከእጄ ላይ ወሰደችው። "ዴንጊ ከሆነ ይሄ ያደማታል። ፓራሲታሞል ብቻ ነው የምትሰጫት" አለችኝ። ይህ በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት፣ ዴንጊ፣ ድሬ ከገባበት ከ2006 ወዲህ ስንቱን እንዳየች፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላ የትንኝ በሽታ ቤተሰብ በሙሉ ሲያስተኛ እንደነበር እየነገረችኝ ስኳሯን ለካች። 62 ነበር፣ በጣም ወርዷል። እማዬ እራት ሳትበላ የስኳር ኪኒኗን ውጣ ነበር። በስኳር የተበጠበጠ ውኃ በማንኪያ እየሰጠናት ቆየን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትለካት ከፍ አለ፣ እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

ሲነጋ ሆስፒታል ወሰድናት። ወባ የለም፣ ዴንጊ ነው ተባለ። ደም የሚያረጋውን ሕዋስ፣ ፕላትሌቷን፣ በየቀኑ እያዩ 3 ቀን አስተኟት። አልጋው ጠባብ ነው፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ ማራገቢያው አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ግን በጠራሁ ቁጥር ሰው መጥቷል።

አሁን ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ሰኞ ሄድኩ። ይቅርታ እጠብቅ ነበር። ጸሐፊዋ ውሉን አወጣች። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ቅዳሜና እሑድ "ሐኪሙ ካለ" ይላል። ታዲያ 24 ሰዓት የተባለው የት ሄደ? መልስ የለም። ማክሰኞ ሐኪሙ ሆስፒታል መጡ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው ወረቀቷን አዩ፣ "ጥሩ ነው፣ ይቀጥሉ" ብለው ወጡ። አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ሐሙስ የክፍያ መጠየቂያ መጣልኝ፦ የሆስፒታል ጉብኝት 6,000፣ የላቦራቶሪ ውጤት ንባብ 3,200፣ በድምሩ 9,200 ብር። ውጤቱን እኮ ያነበቡት የሆስፒታሉ ሐኪሞች ናቸው!

እሱን ስከራከር ሌላ ነገር ሰማሁ። ተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው ለአባቱ ለዚያው 6 ወር 24,000 እንደከፈለ ነገረኝ። ልክ የእኔ ግማሽ። ጸሐፊዋን ጠየቅኳት። "እሱ የአገር ውስጥ ዋጋ ነው፣ ያንቺ የውጭ ደንበኛ ነው" አለችኝ። ታካሚዋ እናቴ ናት። ከድሬ ወጥታ አታውቅም። ነርሷም አንድ ናት፣ የግፊት መለኪያውም አንድ ነው። እኔ ያንን ብር ያገኘሁት ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ነው። የቀረውን ጊዜ ብር መልሱልኝ ብልም "የተከፈለ አይመለስም" አሉ። 9,200ውን አልከፈልኩም፣ አልከፍልምም።

እውነቱን ለመናገር ነርሷ ጎበዝ ናት። የእማዬን ግፊትና ስኳር በመጣች ቁጥር እየጻፈች የያዘችው ደብተር ሆስፒታል ውስጥ በጣም ጠቅሞናል። ሐኪሙም ሙያቸውን ያውቃሉ ይባላል። ግን ያ ሁሉ ሌሊት ላይ ምን ሠራልኝ? ደግሞ ነርሷ በወር ሁለቴ ስትመጣ በእማዬ የውኃ በርሜል አጠገብ ነው የምታልፈው። ሲስተር እማዬ ከሆስፒታል በወጣች ዕለት ነው በባትሪ ውስጡን ያሳየችኝ። ውኃው ላይ እንደ ክር ቀጭን ትሎች እየተጠማዘዙ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የትንኝ እጮች ናቸው። ዴንጊን የምታስተላልፈው ይህቺ ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ የገዛሁት አጎበር ብቻውን አይበቃም ነበር። በርሜሉን ደፍተን፣ ፈግፍገን፣ በጨርቅ ሸብበን ከደንነው።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እሑድ ሌሊት ደውላችሁ ሞክሩ። ሐኪሙ ከተማ ሲወጣ ማን እንደሚተካው ስሙንና ቁጥሩን ጠይቁ። ውሉን በአማርኛ አስጽፉ። ዋጋውን ድሬ ያለ ዘመድ ይጠይቅላችሁ፣ እናንተ ከውጭ አትደውሉ። ሆስፒታል ከተገባ ምን ምን ለብቻ እንደሚከፈልም አስቀድማችሁ እወቁ።

ሲስተር ገንዘብ አልቀበልም አለችኝ። በስንት ልመና የስኳር መለኪያዬንና ስትሪፑን ተቀበለች፣ እሱንም "ለሰፈሩ ይሆናል" ብላ። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ደወልኩላት፣ ድሬ ሲነጋ ማለት ነው። ሁለቴ ሳይጠራ አነሳች። "እናትሽ ጋ ነኝ አቦ፣ ቡና እየጠጣን ነው" አለችኝ። ከኋላ የእማዬ ድምፅ ይሰማኛል፣ በርሜሉን ክደኚው እያለች ልጅቷን ትጣራለች።