ሰዓቱ ከመገናኛ ነው የሚቆጠረው

ለገና ሀገር ቤት ገብቼ አምስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ራይድ በጠራሁት ቁጥር መጥቶልኛል፣ በቴሌብር ሽንኩርት ሳይቀር ገዝቻለሁ፣ ኢንሱሊኑንም ከከነማ መድኃኒት ቤት ያለ ብዙ ሰልፍ አግኝቻለሁ። እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። የኔ ጉዳይ ለእናቴ የቀጠርኩት ሆም ኬር ነው። ውጭ ሆናችሁ ለእናት ለአባታችሁ በሰዓት የሚከፈላት ነርስ ልትቀጥሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ካቻምና ትንሽ ስትሮክ ነካ አድርጓት ግራ እጇ ስለደከመ መርፌውን ራሷ መቅዳት አትችልም። ካዛንቺስ እያለን ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። በር ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው ሞልቶ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ተበተነ፤ እሷም ቱሉ ዲምቱ፣ የእህቴ ዕጣ የወጣበት ኮንዶሚኒየም ገባች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከወረደች መውጣቱን ታስባለች፣ ስለዚህ አትወርድም። እህቴ ዱባይ ናት። ሠራተኛዋ ለመስቀል ሀገሯ እንደሄደች ቀረች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ እግዜር ይስጣት፣ እሷም ስኳር ስላለባት የማታውን መርፌና የቅዳሜ እሑዱን ትወጋላታለች። የሥራ ቀን ጠዋት ግን ሰው የለም።

ደግሞ እኔ ሜሪላንድ ሥራዬ ምን መሰላችሁ? ሆም ሄልዝ ኤይድ ነኝ። 11 ዓመት የሰው እናት ሳጥብና ሳለብስ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይሄን ሥራ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብዬ በልበ ሙሉነት ነው የገባሁበት።

ኅዳር ላይ በቴሌግራም አንድ ድርጅት አገኘሁ። ስሙን ተዉት። ገጻቸው ያምራል፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች፣ የሚስቁ ሽማግሌዎች። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በሰዓት 8 ዶላር። ትራንስፖርት በቀን 200 ብር ለብቻው። ለምን በዶላር እንደሆነ ስጠይቅ «ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ስለማይታመን ነው» አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ 15 ፐርሰንት ይጨመራል ተባልኩ። ይሄን እንኳን ለመድኩት። የወሩን 352 ዶላር ቀድሜ ላኩ።

ለእማዬ ስነግራት ስልኩ ላይ ዝም አለች። ቆይታ፣ «መቄዶንያ ልታስገቢኝ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ እማዬ! መቄዶንያ እኮ ሰው ለሌለው ነው!»

«እኔስ ማን አለኝ?» አለችና ስልኩን ለጎረቤቷ ሰጠቻት። ያን ቀን ሥራ ገብቼ የደንበኛዬን ፀጉር ሳበጥር እንባዬ ሲመጣ ሴትዮዋ ሻምፑ የገባኝ መስሏት ፎጣ አቀበለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጥፋት የኔ ነው፣ አልክድም። የመግቢያ ሰዓት ስጽፍላቸው ጭንቅላቴ ውስጥ የሜሪላንድ ሰዓት ተሰንቅሮ «7:00» ብዬ ጻፍኩ። እነሱም በሀገራቸው ሰዓት ነርሷን 7 ሰዓት ላይ፣ ለምሳ ላኳት። እማዬ ያለ መርፌና ያለ ቁርስ እስከዚያ ተቀምጣ ጠበቀች። እናንተ ስትጽፉ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉ።

ነርሷ ግን! እሷን ሳላመሰግን አላልፍም። ከመጣሁ በኋላ አጠገቧ ቆሜ እንደ ተቆጣጣሪ አየኋት። ኢንሱሊኑን ከማቀዝቀዣ አውጥታ አልናጠችውም። በሁለት መዳፏ መሐል ይዛ ወዲያና ወዲህ ታሽከረክረዋለች፣ ነጩ ከሥር እስኪዋሃድ። ትናንት የወጋችበትን ቦታ ጠይቃ ዛሬ ከሆዷ በሌላኛው ጎን። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የእማዬን እግር ጉልበቷ ላይ ታወጣና ጣት በጣት እየከፈተች ቁስል ትፈልጋለች፣ በመሐል በመሐሉ በደረቅ ጨርቅ ታብሳለች፤ ቅባቱን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ብቻ። እዚህ አሜሪካ ሥልጠና ላይ በሥዕል ያሳዩን ይሄንኑ ነበር። ስንቱ እንደሚዘለው ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

የጾሙን ነገር ልንገራችሁ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እማዬ ኢንሱሊኗን ተወግታ እስከ 9 ሰዓት ልጹም አለች። እኔ ከሜሪላንድ ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። «አንቺ ፈረንጅ ሆነሻል» ብላ ዘጋችው። ነርሷ ምንም አልተከራከረቻትም። የንስሐ አባቷን ስልክ ቁጥር ጠይቃ ደወለችላቸው፣ በአንድ ጠዋት ስኳሯ 58 መውረዱን ነገረቻቸው፣ ከዚያ ስልኩን ለእማዬ ሰጠቻት። አባ ምን እንዳሏት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ገንፎዋን በሱፍ ጠዋት ጠዋት ትበላለች። መርፌ መውጋትማ ማንም ይማራል።

አሁን ወደ ሚያቃጥለኝ ልምጣ።

በመጣሁ በሁለተኛው ቀን በጄት ላግ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጬ አድሬ፣ 1 ሰዓት ሲሆን ነርሷን ጠበቅኩ። 1:50 ላይ አንኳኳች። መንገድ ነው ብዬ አለፍኩት። ሥራዋን በደንብ ሠርታ 2:35 ላይ ቦርሳዋን አነሳች። በነጋታው 1:55፣ መውጫ 2:40። በሦስተኛው ቀን የፊርማ ወረቀቱን አሳዪኝ አልኳት። «ገባች 1:00፣ ወጣች 3:00» ይላል፣ ሥሩ የእማዬ ፊርማ። የዛሬው ብቻ ሳይሆን የነገውና የዓርቡም ተፈርሟል! ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን አንዴ ታስፈርማታለች። ለካ።

እማዬን ብጠይቃት «ልጅቷ ምስኪን ናት፣ ዝም በይ» አለችኝ።

ነርሷ መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። «እትዬ፣ ሰዓቱ ከመገናኛ ነው የሚቆጠረው። ቢሮው እንደዚያ ሙሉ ነው ያለን።» መገናኛ ካለው ቢሮ ወጥታ ቱሉ ዲምቱ እስክትደርስ የእማዬ ሰዓት ይቆጥራል። ስትመለስም ይቆጥራል። የባሰው ደግሞ፣ ጠዋት ከመገናኛ አትነሳም፣ ከቤቷ ነው የምትመጣው። ስትወጣም ወደ መገናኛ አትመለስም። ቀጣዩዋ ታካሚ ኮዬ ፈጬ ናት፣ እዚያው አጠገብ። ያቺ ሴትዮም በተራዋ ከመገናኛ ትከፍላለች ማለት ነው። አንዷን መንገድ ለሁለት ቤት ሸጧት። የትራንስፖርቱ 200 ብርስ? እሱን ለቢሮው ነው የምንከፍለው፣ ለሷ አይደርሳትም። ለአንድ ቤት 250 ብር ነው የሚሰጧት አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ደመርኩ። በወር 44 ሰዓት ከፍያለሁ። 45 ደቂቃ በ22 ቀን 16 ሰዓት ተኩል ነው። 352 ዶላር ሲካፈል በሰዓት 21 ዶላር ከምናምን መጣ። እኔ ሜሪላንድ ከማገኘው ይበልጣል! እኛ ጋ ደንበኛ ቤት ስንገባ በስልካችን እንመዘገባለን፣ ስልኩ የት እንደቆምን ያውቃል፣ ስንወጣም እንዲሁ። ሂሳቡ በየ15 ደቂቃው ነው የሚቆረጠው። በበረዶ አውቶቡስ ስጠብቅ ያቃጠልኩትን ሰዓት ማንም ከፍሎኝ አያውቅም። ሀገር ቤት ገብቼ የሰው ታክሲ ሰዓት ከፈልኩ፣ ያውም ያልተሄደበትን።

ቢሮ ሄድኩ። አንደኛ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ናቸው። ሁለተኛ ቀን አሁን ወጡ። በሦስተኛው ቀን ቡና አስመጥቼ እዚያው ቁጭ አልኩ፣ መጡ። በጣም ትሁት ሰው ናቸው፣ ያ ነው የሚያናድደው። «እርስዎ ሙያውን ስለሚያውቁት ይረዱናል፣ ጉዞ የሥራ ሰዓት ነው» አሉኝ። ታዲያ 200 ብሩ ምንድን ነው ብላቸው፣ «እሱ የታክሲው ነው፣ ያኛው የጊዜው» አሉ። ፊርማውስ? «እናትዎ ፈቅደው ነው የፈረሙት።» ገንዘቤን ስጠይቅ ተጨማሪ ስምንት ቀን በነፃ እንላክልዎት አሉኝ። ስምንት ቀን በምን ሰዓት አቆጣጠር?

እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ የአክስቴን ልጅ አስደወልኳት፣ በላውድ ስፒከር። ለእናቴ ነርስ ፈልጌ ነበር፣ እዚሁ ሰሚት ነኝ አለች። «በሰዓት 500 ብር» አሏት ወዲያው። ዶላር የሚባል ነገር አልተነሳም። የኔ 8 ዶላር ሲመነዘር ከ1,000 ብር በላይ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ሁለታችን እንደ እብድ ሳቅን፣ እኔ ግን ውስጤ አሯል። በገዛ ሀገሬ፣ ለገዛ እናቴ፣ የፈረንጅ ዋጋ።

የወሩ መጨረሻ ድረስ ጎትቼ የተውኩትን ተውኩ። አንድ ሳንቲም አልተመለሰልኝም።

ሳልረሳው፣ ማንም ያልነገረኝን ነገር ጎረቤታችን ነገረችኝ። የወረዳው ጤና ጣቢያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ግፊት ይለካሉ፣ በነፃ። መጥተው እማዬን መዝግበዋታል። መርፌውን በየጠዋቱ አይወጉልሽም፣ ግን በር አንኳኩቶ «እማማ እንዴት አደሩ» የሚል ሰው ተጨመረላት። ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ 907 ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌያለሁ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከአሜሪካ ያመጣሁላት የስኳር መለኪያ ግን ከንቱ ሆነ፣ ስትሪፑ እዚያ አይገኝለትም። ስታመጡ ስትሪፑን አብዝታችሁ ያዙ፣ ወይ መለኪያውን እዚያው ግዙ።

ነርሷ በጥምቀት ሰሞን ድርጅቱን ለቀቀች። እኔ አላስለቀቅኳትም፤ አስለቅቀሻል የሚለኝ ካለም ይበል። አሁን ከኔ ጋር በቀጥታ ነው የተስማማነው። በሰዓት 600 ብር፣ መንገዱ በራሷ። ሰዓቱ የሚጀምረው የእማዬን በር ስታንኳኳ ነው። በሩ አጠገብ ደብተር በክር ሰቀልኩ፣ ከፍ ብሎ የግድግዳ ሰዓት። መግቢያ መውጫውን የምትጽፈው ራሷ እማዬ ናት፣ ጎረቤቷ ዓርብ ዓርብ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፣ እኔም ሂሳቡን እልካለሁ። ደስ ብሎኝ ተሳፈርኩ። እንደ መሥሪያ ቤቴ አሠራር አስያዝኩት ብዬ።

ባለፈው ዓርብ ፎቶው መጣ። ገባች 1:00፣ ወጣች 3:00። ገባች 1:00፣ ወጣች 3:00። አምስቱም ቀን፣ አንድ ደቂቃ ሳትዛነፍ፣ በዚያ በተንቀጠቀጠ የእማዬ እጅ ጽሑፍ። ቀለሙ እንኳን አንድ ነው። ደወልኩ።

«እማዬ፣ ይሄ ደብተር እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ሁልጊዜ ልክ 3 ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«ፈተና አለባት፣ የዲግሪዋ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ነው እየሮጠች የምትሄደው። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍባት?»

የሳምንቱን ሂሳብ ላኩላት። የአሥሩንም ሰዓት።