«ለድንገተኛ ጊዜ ዝግጁ» ተብሎ በሳጥን የሚሸጠውን የአደን ቀስት ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያንብቡ

ለክፉ ቀን ይሆነኛል ብለው የአደን ቀስት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ከአንድ የሽያጭ ዓይነት እንዲጠነቀቁ ይህን እጽፋለሁ። እሱም «ሙሉ የአደን ስብስብ» ወይም «ለድንገተኛ ጊዜ ዝግጁ» እየተባለ የሚቀርበው፣ ባለ መዘውር ቀስት፣ ጥቂት ፍላጻዎች፣ ማነጣጠሪያና መያዣ ቦርሳ በአንድ ዋጋ የተጠቃለሉበት ዕቃ ነው። ሁሉም ብልሹ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ለስፖርትም ሆነ ለመደበኛ አደን ይበቃል። ችግሩ ዕቃው የሚሸጥበት ምክንያትና የሚሠራበት ሁኔታ የሚቃረኑ መሆናቸው ነው፤ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ሱቅ፣ ባለሙያና መለዋወጫ በሌለበት ቀን እንዲያገለግለው ሲሆን፣ የሚረከበው ግን ያለ ሱቅ፣ ያለ ባለሙያና ያለ መለዋወጫ ብዙ የማይዘልቅ መሣሪያ ነው።

ይህን ኮምፓውንድ የሚባለውን ባለ መዘውር ቀስት የፈለሰፈው አሜሪካዊው ሆለስ ዊልበር አለን ሲሆን፣ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በሁለቱ ክንፎች፣ ማለትም ከእጀታው በላይና በታች ባሉት በሚለመጡት ክፍሎች ጫፍ ላይ ካም የሚባሉ መዘውሮች አሉት፤ አውታሩና ኬብሎቹ በእነዚህ ላይ ተጠምጥመው ስለሚሠሩ፣ ቀስቱ እስከ መጨረሻው ሲገተር እጅ ላይ የሚቀረው ጫና በእጅጉ ይቀንሳል። ለምሳሌ ለመገተር 60 ፓውንድ (27 ኪሎ ግራም ገደማ) ጉልበት የሚጠይቅና ጫናውን 80 በመቶ የሚያቀል ቀስት፣ ሙሉ በሙሉ ከተገተረ በኋላ አዳኙ ይዞ የሚቆየው 12 ፓውንድ ብቻ ነው። ይህ ተረጋግቶ ለማነጣጠር ጊዜ ስለሚሰጥ ትልቅ ጥቅም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አውታሩ ሲያረጅ ወይም ሲበጠስ በባዶ እጅ መቀየር አይቻልም፤ ክንፎቹን ጨምቆ የሚይዝ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ከዚያም የሁለቱ መዘውሮች አዟዟር እኩል እንዲሆን ማስተካከሉ ልምድ ይጠይቃል። በክንፎቹ ውስጥ የታመቀው ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ያለ መሣሪያው የሚሞክር ሰው ራሱን ለከባድ ጉዳት ያጋልጣል። አውታርና ኬብል ደግሞ በተለመደው ምክር በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መለወጥ አለባቸው። ለአሥር ዓመት ቀብቼ አስቀምጠዋለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ ማስታወቂያው ግን አይነግረውም።

ከዚህ የባሰው ስለ ፍላጻ ያለው ጉዳይ ነው። ራስን ለመቻል ብሎ ቀስት የሚይዝ ሰው፣ የገዛቸው ፍላጻዎች ሲያልቁ ከእንጨት ጠርቦ እንደሚሠራ ማሰቡ አይቀርም። ከእንጨት የተሠራ ፍላጻ በኮምፓውንድ ቀስት መወርወር ግን የተከለከለ ነው፤ መዘውሮቹ የሚለቁት ድንገተኛ ግፊት እንጨቱን ሰንጥቆ በያዡ ክንድ ውስጥ ሊሰካው ይችላል። ክብደቱም ወሰን አለው፦ ለእያንዳንዱ የቀስቱ ጉልበት ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬይን (አንድ ግሬይን 0.065 ግራም ያህል ነው) የማይመዝን ፍላጻ የቀስቱን ኃይል ይዞ መሄድ ስለማይችል፣ የተረፈው ኃይል ወደ ቀስቱ ተመልሶ ክንፉን ወይም መዘውሩን ይሰብራል። ያለ ፍላጻ በባዶ መልቀቅ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እንኳ ቀስቱን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም ሌላ ኮምፓውንድ ቀስት ለአንድ ሰው የክንድ ርዝመት ተለክቶ የሚስተካከል ነው። ባል የተለካበትን ቀስት ሚስት ወይም ልጅ ያለ ማስተካከያ ሊጠቀሙበት አይችሉም፤ ለቤተሰብ ተብሎ የሚገዛ መሣሪያ ከቤተሰቡ አንዱን ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ይህ በዋጋው ውስጥ መቆጠር አለበት።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፉት ቁጥሮች የሚያሳስቱ በመሆናቸው ትንሽ ላብራራቸው። መዘውር ለሌላቸው ቀስቶች፣ ማለትም ለሪከርቭ (የክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት የተቀለበሰ) እና ለረጅም ቀስት የሚጻፈው የፓውንድ መጠን የሚለካው አውታሩ እስከ 28 ኢንች (71 ሴንቲ ሜትር) ሲሳብ ነው። የእርስዎን ልክ በግምት ለማግኘት ሁለት እጅዎን ዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ለ2.5 ያካፍሉ፤ 170 ሴንቲ ሜትር የሚዘረጋ ሰው የሚስበው 68 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ወደ 27 ኢንች ነው። በእያንዳንዱ የጎደለ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ስለሚቀንስ፣ «45» ተብሎ የተጻፈበት ቀስት በዚህ ሰው እጅ 42 ወይም 43 ይሆናል። በኮምፓውንድ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ከዚህ ይበልጥ ከእውነታው የራቀ ነው። ብዙ አምራቾች የሚለኩት 70 ፓውንድ ጉልበት ባለው፣ እስከ 30 ኢንች በተሳበ ቀስትና 350 ግሬይን (23 ግራም ገደማ) በሚመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። ክንዱ አጠር ያለ፣ 55 ፓውንድ የሚስብና ለአደን የሚሆን ከበድ ያለ ፍላጻ የሚጠቀም ሰው ያንን ቁጥር በፍጹም አያገኘውም፤ የአንድ ኢንች ልዩነት ብቻውን በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በፍጥነቱ ብቻ ተማርከው ሁለት ቀስቶችን አያወዳድሩ።

በሽጉጥ ቅርጽ የተሠሩት ትናንሽ ባለ ቃታ ቀስቶችም በዚሁ መንገድ ይሸጣሉ። «80 ፓውንድ» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ፍላጻው የሚያገኘው ኃይል የሚመጣው ከጉልበቱም፣ አውታሩ ከሚጓዘው ርቀትም ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው። ለአደን ብለው አይግዟቸው፤ እንስሳውን አቁስለው ከማሰቃየት አያልፉም።

አንድ ዘመዴ የገዛውን እንዲህ ያለ ስብስብ ከፍቼ አይቻለሁ። ቀስቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ ነበር፤ አብረውት የመጡት ሦስት ፍላጻዎች ግን ስፓይናቸው እንኳ አልተጻፈባቸውም ነበር። ስፓይን ማለት የፍላጻው ዘንግ የመለመጥ ልክ ነው፤ በ28 ኢንች ርቀት ሁለት ቦታ ላይ በተደገፈ ዘንግ መሐል 880 ግራም ተሰቅሎ ስንት እንደጎበጠ ይለካል። 500 የሚል ጽሑፍ ግማሽ ኢንች ጎብጧል ማለት ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይጠነክራል። ለቀስቱ ጉልበት ከሚገባው በላይ የሚለመጥ ፍላጻ አቅጣጫውን ይስታል፤ ከዚያም ሲከፋ በሚለቀቅበት ቅጽበት ይሰበራል። የካርቦን ፋይበር ፍላጻ ሲሰበር ስንጥሮቹ መርፌ ያህል ቀጭን ስለሆኑ እጅ ውስጥ ከገቡ ለማውጣት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱን የካርቦን ፍላጻ ከመወርወር በፊት በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ማጉበጥ፣ ዙሪያውን ማየትና የመሰንጠቅ ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ የግድ ነው። በፍላጻዎቹ ጫፍ የሚገጠሙት የአደን ስለቶችም ደነዝ ነበሩ። ፍላጻ እንደ ጥይት በግጭት ኃይል አይገድልም፤ የሚገድለው የደም ሥሮችን ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው፤ ስለዚህ ያልተሳለ ስለት እንስሳውን አቁስሎ ከመልቀቅ በስተቀር ጥቅም የለውም። ሻጩ በቀስቱ መልክ ላይ ያወጣውን ወጪ የቆጠበው በትክክል ገዢው በማያውቃቸው በእነዚህ ነገሮች ላይ ነበር። የእኔ ምክር፣ ካለዎት ገንዘብ ግማሹን ለቀስቱ፣ ግማሹን ለፍላጻና ለስለት መመደብ ነው፤ ፍላጻ በሣር ውስጥ ይጠፋል፣ ድንጋይ ላይ ይሰበራል፣ ስለዚህ በልኩ የተመረጡ ከአሥራ ሁለት ያላነሱ ያስፈልጋሉ።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ «አስቀምጠው፣ ሲያስፈልግህ ታወጣዋለህ» የሚለው ማባበያ ነው። ቀስት እንደ ታሸገ ምግብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። የጀርባና የትከሻ ጡንቻ በልምምድ የሚጠነክር ሲሆን፣ ልምምዱ ከቀረ በጥቂት ወራት ውስጥ ይዝላል። ለአደን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ጉልበት 40 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ፣ ጀማሪው ከመጀመሪያው 50 ወይም 60 ይገዛል፤ ከዚያም መሳብ አቅቶት ትከሻውን ይጎዳል፣ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚለቅበትን መጥፎ ልማድ ይለምዳል። ለአብዛኛው አዋቂ ጀማሪ ከ25 እስከ 35 ፓውንድ የተሻለ መነሻ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ ማነጣጠሪያ በሌለው ቀስት ብዙ ሰዎች በእርግጠኝነት ሊያድኑበት የሚችሉት ርቀት 15 ወይም 20 ሜትር ብቻ ነው፤ የዱር እንስሳ እስከዚህ ድረስ ለማስጠጋት የሚያስፈልገውን ትዕግሥትና ዕውቀት ሳጥኑ ውስጥ አያገኙትም። ንጹሕ ውኃና የሚበላ ስንቅ ሳያዘጋጁ ቀስት የሚገዙ ሰዎች ቅደም ተከተሉን አዛብተዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

እንግዲህ ምን ይግዛ ለሚለኝ ሰው፣ ለዚህ ዓላማ የምመክረው ክንፎቹ ከእጀታው የሚፈቱ ሪከርቭ ቀስት ነው። በ25 ወይም በ30 ፓውንድ ክንፎች ተጀምሮ፣ ጉልበት ሲጨምር ክንፎቹ ብቻ ተገዝተው ይለወጣሉ፤ እጀታው ያው ይቆያል። አይ ኤል ኤፍ በሚባለው ዓለም አቀፍ የክንፍ መግጠሚያ የተሠሩት ደግሞ የአንዱ አምራች ክንፍ ከሌላው እጀታ ጋር ስለሚገጥም፣ አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ ወይም ሞዴሉን ቢያቋርጥ ገዢው ባዶ እጁን አይቀርም። አውታሩ በአንዲት የገመድ መወጠሪያ በእጅ ይታሰራል፣ ይፈታል፤ መለዋወጫ አውታር ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በሰም እየታሸ ብዙ ያገለግላል። በልኩ ተመርጦ የተጠረበ የእንጨት ፍላጻም ይቀበላል። ጉድለቱ ሙሉ ጫናውን ጣት ላይ መተዉና ብዙ ልምምድ መጠየቁ ነው። ሳይሠራበት ሲቆይ አውታሩ ተፈትቶ፣ ከኃይለኛ ሙቀት ርቆ መቀመጥ አለበት፤ በፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተተወ ቀስት የክንፎቹ ንብርብር ሊላቀቅ ይችላል።

ያገለገለ ቀስት የሚገዙ ከሆነ ክንፎቹን በጥጥ ያብሱ፤ ጥጡ የሚያዝበት ቦታ ሁሉ ሊሰነጠቅ የጀመረ ነው። አውታሩ ታስሮ ከጫፍ በኩል ሲታይ በሁለቱም ክንፎች መሐል ለመሐል ማለፍ አለበት፤ ወደ ጎን ከሄደ ክንፉ ተጣሟል። ለዳክሮን (ትንሽ ለሚለጠጥ የፖሊስተር ክር) አውታር የተሠሩ የቆዩ ቀስቶችን፣ ሻጩ «አዲስ ፈጣን አውታር አሰርኩለት» ብሎ ቢያሞግሳቸው እንኳ አይውሰዱ፤ የማይለጠጠው አዲሱ አውታር ያልተጠናከረውን የክንፍ ጫፍ ይሰብራል፣ ምናልባትም ጉዳቱ ከወዲሁ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ሕጉንም ከግዢው በፊት ያጣሩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በቀስት ማደንን ስትፈቅድ፣ በብሪታንያ የዱር እንስሳን በቀስት መግደል የተከለከለ ነው፤ በሌሎች አገሮችም የፈቃድ፣ የወቅትና የጉልበት ወሰን አለ፤ ሻጩ ግን የሚሸጠው ለሁሉም እኩል ነው።

ስብስቡን አስቀድመው የገዙ ካሉ አንድም ፍላጻ ሳይወረውሩበት ስፓይኑን፣ የፍላጻውን ክብደትና ቀስቱ የተስተካከለበትን የክንድ ልክ ሻጩ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ብዙ አምራቾች በባዶ የተለቀቀ ወይም ቀላል ፍላጻ የተወረወረበትን ቀስት ዋስትና ስለሚሽሩ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ የሚያቀርቡት አቤቱታ በቀላሉ ውድቅ ይሆናል። መልሱ ካልተሰጠዎት ዕቃውን ከነማሸጊያው፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይመልሱ፤ የከፈሉበትን ደረሰኝና የማስታወቂያውን ቅጂም ይያዙ፤ «ለድንገተኛ ጊዜ» ተብሎ እንደተሸጠልዎ የሚያስረዳው እሱ ነው።