ማካሮቭን ክረምት ከበጋ ይዤ ያየሁት፣ ቢሠራልን የምለውም

ማካሮቭ ጥሩ ሽጉጥ ነው። ይህን የምለው ወታደር ሳለሁ ስለያዝኩት ብቻ አይደለም። አሁን በራሴ ስም ተመዝግቦ፣ ሱሉልታ ቤቴ ውስጥ ክረምቱንም በጋውንም አብሮኝ ከርሟል። አምኜዋለሁ። ግን በያዝኩት ቁጥር አንድ ቁጭት አለብኝ። እንደዚህ የተዋጣለት ሽጉጥ ጥቂት ነገር ብቻ ተስተካክሎለት በአዲስ መልክ ቢሠራ የት በደረሰ!

ሥራዬ የወተት ላም ነው። ሱሉልታ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ብትገባም የእኔ ግቢ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ይላል። ጅቡ እስከ በረቱ አጥር ድረስ ይመጣል፤ ለእሱ ውሻና ባትሪ ይበቃዋል። ሽጉጡ የተያዘው ለሌላ ነው፤ እሱም ተቆልፎ ቢኖር ደስታዬ ነው። እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። የምገመግመው ቀኑን ሙሉ ወገቡ ላይ እንደሚያደርግ ፖሊስ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ አንዳንዴ እንደሚይዝ ሰው ነው። እኔን የመሰለ ባለፈቃድ ደግሞ በአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ ነው።

ለማያውቀው ትንሽ ልበል። ሽጉጡን የነደፈው ሶቭየታዊው ኒኮላይ ማካሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቭየት ጦር መደበኛ ሽጉጥ ሆነ። ወደ እኛ አገር በብዛት የገባው በደርግ ጊዜ፣ ከሶቭየቶች የጦር መሣሪያ እርዳታ ጋር ነው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ከሩሲያው ሌላ ቡልጋሪያም፣ ምሥራቅ ጀርመንም፣ ቻይናም ሠርተውታል።

የወደድኩት ቀላልነቱን ነው። ክብደቱን ማለቴ አይደለም፤ አሠራሩን ነው። የብዙ ዘመናዊ ሽጉጦች በርሜል ሲተኮስ ይንቀሳቀሳል። የማካሮቭ በርሜል ግን ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የቆመ ነው። የላይኛው ተንሸራታች ብረት በራሱ ክብደትና በርሜሉን በጠመጠመው ስፕሪንግ ብቻ ይሠራል። ፈትቶ ለመወልወል መፍቻም ሆነ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የቃታውን መከለያ ወደ ታች ሳብ፣ የላዩን ብረት ወደ ኋላ ጎትቶ ቀና ማድረግ፣ አለቀ። ውስጡ ጥቂት ነገር ነው ያለው። የሚጠፋ ቅንጣት፣ የሚሰበር ቀጭን ነገር የለውም ማለት ይቻላል።

ክረምቱ ግን ፈትኖታል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ እንኳ በቅጡ አይደርቅም። ከውጭ ብርድ ይዛችሁት እሳት ወዳለበት ክፍል ስትገቡ ብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ በነጋታው እጀታው አጠገብ ቡናማ ነጥብ ይጀምራል። በተለይ ቆዳ አፎት ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ አይሆንም። ቆዳው እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል፤ ብረቱን ሳታዩት ይበላዋል። የእኔ አፎት ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ሽጉጡ በስሱ ዘይት ተቀብቶ፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ብረት ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ እኔና ባለቤቴ ጋ። ልጆች ባሉበት ቤት ከዚህ ውጭ መንገድ አላውቅም። ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ አቧራ ይስባል፤ በጋ ላይ ቀነስ አደርጋለሁ። በዚህ ሁኔታ ክረምቱን ያለ አንዳች ዝገት ወጥቷል።

ተኩሱ እንዴት ነው ለሚለኝ፦ የአካባቢው ሚሊሻ ኢላማ ሲለማመድ ተፈቅዶልኝ አብሬ ተኩሼበታለሁ። የመጀመሪያዋ ጥይት ላይ ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሲሳብ መቺውንም (ከኋላ ያለውን መዶሻ) አብሮ ያነሳል። ከዚያ በኋላ ያሉት በቀላሉ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ክብደት ይጠላል። እኔ እወዳታለሁ። ሳያስቡት የምትተኮስ ሽጉጥ ቤቴ እንድትኖር አልፈልግም። በርሜሉ ስለማይንቀሳቀስ ለትንሽነቱ ኢላማ ይመታል። ነገር ግን እጅ ላይ ጠንከር ብሎ ይገፋል፤ በተለይ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ያለችውን ሥጋ። ከልምምዱ በኋላ ቦታዋ ትቀላለች።

አንድ ጊዜም አልነከሰብኝም፤ ቀለሃ ይዞ አልቀረም። ይህን ሁሉ ዓመት ያስከበረው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልምጣ። ካዝናውን የሚይዘው መንጠቆ ያለው ከእጀታው ሥር፣ ከተረከዙ ነው። ካዝና ለማውጣት በአንድ እጅ ሽጉጡን ይይዛሉ፣ በሌላው እጅ አውራ ጣት መንጠቆውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ በዚያው እጅ ጣቶች ደግሞ ካዝናውን ጎትተው ያወጣሉ። መንጠቆው ጠንካራ ነው። ብርድ ባደነዘዘው ጣት፣ ወይም ላም አልባችሁ እጃችሁ ሲያሟልጭ፣ ሁለቴ ሦስቴ መግፋት ይፈልጋል። ለዚህም ምክንያት አለው። መቺውን የሚገፋውና ካዝናውን የሚይዘው አንዱ ስፕሪንግ ነው፤ ማካሮቭ አንድን ብረት ሁለት ሦስት ሥራ ማሠራት ያውቅበታል። ጥበቡ ደስ ይላል፣ ጣት ግን ያደክማል። ለወታደር ካዝናው እንዳይወድቅበት ጥሩ ነው። እኔን ለመሰለ፣ ሽጉጡን ባስቀመጠ ቁጥር ባዶ ለሚያደርግ ሰው ግን በየጊዜው የሚገጥም ትግል ነው። ባለቤቴም ብትሆን ባዶ ማድረጉን ታውቃለች፤ መንጠቆው ግን ለእጇ ይከብዳታል። ሽጉጥ ባዶ ማድረግ ከባድ መሆን የለበትም። ደኅንነት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ማነጣጠሪያው ነው። ትንሽና ጥቁር ነው። ቀን ላይ ይበቃል። ሲመሽ፣ ሰው በሚፈልገው ሰዓት፣ አይታይም። ነጭ ነጥብ፣ ወይም ጨለማ ውስጥ የምታበራ ቢሆን ምን ነበረበት?

ጎረቤቴ ያለው ወጣት አንድ ቀን ስወለውል አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ጊዜው አልፎበታል። ፕላስቲኩን ቢይዙ ይሻልዎታል» አለኝ። አካሉ ፕላስቲክ የሆነውን ግሎክን ማለቱ ነው። ግሎክ 17 እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ፣ 17 ጥይት የሚይዝ ትልቅ ሥራ ነው፤ አልንቀውም። ግን የተለመደው ግሎክ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ጥበቃው ያለው ቃታው ላይና ውስጡ ነው። ቀን ከሌት ለሚለማመድ ፖሊስ ይሆናል። ቤት ለሚያስቀምጥ ሰው ግን በዓይኑ የሚያየው፣ በጣቱ የሚነካው ሴፍቲ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። እሱን ለልጁም ነገርኩት፤ አልተስማማንም።

ሰው የማይሰማ መስሎት ምኞቱን በልቡ ይይዛል እንጂ አምራቾች ይሰማሉ። ግሎክን የሚወዱ ሰዎች ጥይቱ በአንድ ረድፍ የሚገባ፣ ቀጭን 9 ሚሊ ሜትር ይሠራልን እያሉ ዓመታት ወተወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግሎክ 43 መጣላቸው። የአሜሪካው ኮልት በ2005 ያቆመውን ፓይተን ሪቮልቨር በ2020 መልሶ አመጣው። የቤልጅጉ ኤፍኤን ከ1935 ጀምሮ የሠራውን የብራውኒንግ ሃይ ፓወር አቁሞ፣ በ2022 በአዲስ ንድፍ ተመለሰበት። የጣሊያኑ ቤሬታም ያቆመውን «80» የተባለውን የሽጉጥ ቤተሰብ በ2023 አድሶ አውጥቷል፤ ትንሽ፣ ብረት፣ በአውራ ጣት የሚቆለፍ። ታዲያ ማካሮቭ ምን በደለ? ሩሲያዎቹ ኋላ ላይ 12 ጥይት የሚይዝ ማካሮቭ ሠርተዋል፤ መንጠቆውን ግን እዚያው ተረከዙ ላይ ተዉት።

በጣም የሚቆጨኝ ደግሞ መልሱ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑ ነው። ቼኮዝሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለጦሯ ያወጣችው ሲዜድ 82 የማካሮቭን ጥይት የሚተኩስ፣ 12 የሚይዝ፣ የካዝና መልቀቂያው ቃታው አጠገብ ያለ ሽጉጥ ነው። መልቀቂያውም ሴፍቲውም በግራም በቀኝም አለ፤ ግራኝ አይቸገርም። ክብደቱ 800 ግራም ገደማ ነው። ይህ ሽጉጥ አሁን በአዲስነት አይመረትም። ሠሪው ሲዜድ ዛሬ ትልቅ ድርጅት ነው፤ በ2021 ኮልትን ጭምር ገዝቷል። ንድፉ እጁ ላይ ነው። እንዲያው ማነጣጠሪያውን ቀይሮ ቢያወጣው!

ጥይቱን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። 9 ሚሊ ሜትር የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው (ሁለተኛው ቁጥር የቀለሃው ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው)፤ እርሳሱም ከ9.2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይወፍራል። በብዛት የሚታወቀው ፓራቤለም 9 በ19 ሆኖ እርሳሱ ቀጠን ይላል። አንዱ ለሌላው አይሆንም። «ያው 9 ነው» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ቀለሃው ሥር የተጻፈውን አንብቡ። ሽጉጡንም ሆነ ጥይቱን ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሚሸጥ ሰው እንዳትነኩ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግልጽ ነው፤ ወንጀል ነው። በኮንትሮባንድ የሚገባው ሽጉጥ ደግሞ ከየትና በማን እጅ እንደመጣ የሚታወቅ ነገር የለውም።

የምመኘው ሽጉጥ እንግዲህ ይህ ነው። በማካሮቭ ቁመት፣ ሙሉ ብረት፣ እርጥበት የሚችል ቅብ ያለው። 10 ወይም 12 ጥይት ይበቃል። የካዝናው መልቀቂያ አውራ ጣት የሚደርስበት ይሁን። ማነጣጠሪያው ሲመሽ ይታይ። መለዋወጫ ስፕሪንግና ካዝና አብሮ ይምጣ። ሴፍቲውን ግን እንዳይነኩብን። ማካሮቭ ወደ ላይ ሲሉት ይቆለፋል፤ ወደ ታች ሲያደርጉት ለተኩስ ይዘጋጃል። ቤሬታ 92 ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ወደ ታች ነው የሚቆለፈው። እዚህ አገር ማካሮቭ የያዘ እጅ ሁሉ ወደ ላይ መቆለፉን ለምዷል፤ በጨለማ እጅ የሚሄደው ወደለመደው ነው።