ቮልስ በሱሉልታ፦ ከወራት በኋላ ስለ ዘይቷና ስለ ሌላው ጥገናዋ

መኪናዋ በአውሮፓውያኑ 1968 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ናት። ሞተሯ 1,285 ሲሲ ነው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከገዛኋት ወዲህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፏል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የምመላለሰው በእሷ ነው፤ ወደ ቤቴ የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ጠጠርና አቧራ ነው። ስለ ውበቷ ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ዘይቷ ነው። ቮልስ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መጀመሪያ «ዘይት ታፈሳለች አይደል?» ብሎ ነውና።

ታፈሳለች። ግን ከየት እንደምታፈስና የፈሰሰው ዘይት የት እንደሚያርፍ የሚጠይቀኝ የለም፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ሆኖ ሳለ። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው በቺንጋ በሚዞር ማራገቢያ ነው፤ ነፋሱ በሲሊንደሮቹና ጫፋቸውን በሚዘጋው ቴስታታ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ክንፎች መካከል እየሾለከ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ከማቀዝቀዙ ሥራ ቀላል የማይባለውን ድርሻ የሚሸከመው ዘይቱ ራሱ ነው፤ ጠቅላላ መጠኑ ግን 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ጎደለ ማለት አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የፈሰሰው ዘይት ከአቧራው ጋር ተለውሶ ክንፎቹ መካከል ይጋገራል። ነፋስ ማለፊያ ያጣ ሲሊንደር ወደ ጎጃም በር በሚወስደው ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በአስፋልት ብቻ ለሚነዳ ሰው ጥቂት ጠብታ የግቢ ቆሻሻ ነው፤ ለእኛ የሞተር ዕድሜ ጉዳይ ነው።

መካኒኬ በቮልስ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስወስድላቸው የሞተሩ ሆድ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ይሆን የሚያፈሰው?»

«ሁሉም ጋ ይመስላል። መጀመሪያ እጠባት፣ ልጄ። ከዚያ ራሷ ትነግረናለች።»

ዘይት ለሚያፈስ አሮጌ ሞተር ሁሉ የምመክረው ሥራ ይኸው ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዲስትሪቡተሩንና ካርቡራተሩን በፌስታል ሸፍነን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠብነው፤ በእንጨት ስንጥር ክንፎቹ መካከል የተጋገረውን ፈለቀቅነው። ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት ቦታዎች ላይ የሕፃን ፓውደር በተንን። ትንሽ ነድቼ ተመለስኩና ጎማዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጌ፣ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ዘርግቼ አሳደርኳት። ጠዋት ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ የሄደበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርቶኑ የሚያሳየው ጠብታው የት እንደወደቀ ብቻ ነው፤ ዘይት ደግሞ ከላይ ወርዶ በብረቱ ጥግ ተንሸራትቶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከጠብታው ተነስቶ ወደ ላይ መከተል ነው።

ዋናው ቦታ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ሆኑ። ስምንት ናቸው፤ በሲሊንደሮቹ ሥር፣ ከሞተሩ አካል እስከ ቴስታታው ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ የጎማ ቀለበት አለው፤ ጠቅላላ አሥራ ስድስት ቀለበት። ከግራ በኩል ካሉት በአንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፤ በጣቴ ስጠርጋት ወዲያው ሌላ ትተካለች። ስንፈታቸው አሮጌዎቹ ቀለበቶች በጥፍር ሲነኩ እንደ ድርቆሽ ተሰባበሩ።

እነዚህን ቱቦዎች በፋብሪካው መንገድ ለመቀየር ቴስታታው መነሳት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ መውረድ አለበት። ይህ ሲሰማ ያስፈራል። ቮልስ ላይ ግን ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሽቦዎቹን፣ የነዳጅ ቱቦውንና የነዳጅ መስጫ ፔዳሉን ገመድ ነቅሎ፣ በክሪክ ደግፎ ሁለት ሰው ያወርደዋል። ግቢዬ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፍነው። ቱቦዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጫፋቸው ላይ ያለው እጥፋት በእጅ ተስቦ ርዝመታቸው 190 ሚሊ ሜትር ገደማ መድረስ አለበት፤ ካልተሳቡ ቀለበቱን አጥብቀው አይጫኑትም፣ አዲሱም ቀለበት ያፈሳል። የብየዳው መስመር ወደ ላይ መዞር አለበት። መካኒኬ አንዱን ቱቦ ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ እያዞሩ የተሰነጠቀ ቦታ ሲፈልጉ ብዙ ቆዩ፤ አንድ ዝገት የበላውን ለይተው ጣሉት። ሞተር ሳይወርድ የሚገቡ፣ ከሁለት ቁራጭና ከስፕሪንግ የተሠሩ ቱቦዎችም አሉ፤ ለመንገድ ላይ ችግር ጥሩ ናቸው፣ ሞተሩ ከወረደ ግን የፋብሪካውን ዓይነት እመርጣለሁ።

ሞተሩ ወርዶ ሳለ የዘይት ማቀዝቀዣውን የጎማ ቀለበቶች አለመቀየር ስንፍና ነው። በዚህ ዘመን ስሪት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ በከፊል ይጋርዳል። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሞቀውና የጭስ ማስወጫ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለበቶቹ ሲያፈሱ ዘይቱ የሚወርደው እዚያው በሙቀት የተቸገረው ሲሊንደር ላይ ነው። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ የቀደሙት ሞተሮችና በአውሮፓውያኑ ከ1970 ገደማ ወዲህ የተሠሩት የሚወስዱት የተለያየ መጠን ነው። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «የቮልስ» ብቻ ካላችሁ እጃችሁ የሚገባው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

የቫልቭ ክዳኖቹ ቀላል ናቸው። የቡሽ ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) በክዳኑ በኩል በጥቂት ማጣበቂያ ይያዛል፣ በቴስታታው በኩል ግራሶ ይቀባል፤ የሚይዘውን ሽቦ ግን «ይጥበቅ» ብሎ ማጣመም ክልክል ነው።

ስለ ቀይ ሲሊኮን ልናገር፤ ይህ ነገር ያናድደኛል። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ጋራዥ የሞተሩን መጋጠሚያ ሁሉ በሲሊኮን ለስኖታል። ከውጭ ሲታይ የታሸገ ይመስላል። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ግን ተቆርጦ ይወድቃል። ከሞተሩ ሥር ያለውን የማጣሪያ ወንፊት ስናወጣ ቀያይ ክሮች ሽቦው ላይ ተጠላልፈው ነበር፤ ዘይት የሚሳበው በዚያ በኩል ነው። ቮልስ እንደ ዛሬ መኪኖች የሚቀየር የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ይህ ወንፊት ብቻ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በአቧራ መንገድ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ፣ ከዘይቱ ጋር ወጥቶ መታጠብ አለበት። የሚይዙት ስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው፤ የማጥበቂያ ልካቸው 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ጉልበተኛ ረዳት እዚህ አታስጠጉ፤ የሞተሩ አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ጥርሱ በቀላሉ ይነቀላል፣ ከዚያ በኋላ ሲሊኮንም አያድነውም።

ሁለት የቀሩ ፍሳሾች አሉ። አንዱ በፑሌጃው፣ ማለትም ቺንጋውን በሚያዞረው ክብ ብረት፣ በኩል ያለው ነው። እዚያ የፋብሪካው ዲዛይን የጎማ መከላከያ የለውም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ፑሌጃው ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ትንሽ ማላብ ልማዱ ነው። ቢብስ ግን ወይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በላይ ተሞልቷል፣ ወይ የፒስተኖቹ ፋሻዎች (ቀለበቶች) አልቀው የቃጠሎው ግፊት ወደ ታች እያለፈ ነው። የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ስታስገቡ ከፋብሪካው መጽሐፍ በታች የሆነ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ራሱ ስስ ነው። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእኔዋ እኩል ስለሆነች ትቼዋለሁ።

ሌላው በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ የሚታየው እርጥበት ነው። እዚያ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ ከፍላይዊሉ (ከከባዱ የሞተር መዘውር) ጀርባ ያለው የሞተር ኦይልሲል፣ ማለትም ዘይት መከላከያ ጎማ፣ እና የካምቢዮው ኦይልሲል። በአፍንጫ ይለያሉ፤ የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው። የእኔው የሞተር ዘይት ነው። ይህን ለመቀየር የፍላይዊሉን ትልቅ ዳዶ በ36 ቁጥር መፍታትና መልሶ 340 ኒውተን ሜትር አካባቢ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ዳዶው በቂ ጥብቀት ሳያገኝ ቀርቶ ከተፈታ ዋናውን የሞተር ዘንግ ይበላዋል፤ ስለዚህ ረጅም ማራዘሚያና ትክክለኛ መለኪያ እስኪገኝ ሥራው ይቆይ ብለናል።

ዘይቱ ከተስተካከለ ወዲህ ያልጠበቅሁት ጥቅም ሙቀት መስጫው ላይ መጣ። ቮልስ ሰው የሚቀመጥበትን ክፍል የምታሞቀው በጭስ ቱቦዎቹ ዙሪያ ባለፈ አየር ነው፤ እዚያ ላይ ዘይት ከተንጠባጠበ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ቀጥታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የኅዳር ውርጭ ያለበት ሱሉልታ ጠዋት መስኮት ከፍቶ መንዳት ቅጣት ነው። አሁን ተዘግቶ ይነዳል።

ከዘይት ውጭ ያለውን በአጭሩ። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይሬአለሁ፤ ሞተሩ ክፍል ውስጥ የተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ የቮልስ ቃጠሎ ዋና መነሻ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስላለ ክዳኑ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ተርሚናሉን ሊነካ ይችላል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ስለነበር ካንዴላዎቹ ይጠቁሩ ነበር፤ ጂግለር የሚባለውን የቤንዚን መመጠኛ አንድ ደረጃ ካሳነስነው ወዲህ ቡናማ ሆነዋል፣ ነዳጅም ቀንሳለች። ጉልበት ግን አትጠብቁ፤ በዚህ ከፍታ ከ40ው ፈረስ 30 ያህሉ ነው የሚቀረው፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንወጣው። የቫልቭ ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ። ፍሬኑ አራቱም ታምቡር ነው፤ በየጊዜው ማስተካከል ይፈልጋል፣ ካልተስተካከለ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ዝገቱን ገና አልነካሁትም።

አንድ ነገር ግን በቃል ያዙ፤ የቻርጅ ቀይ መብራት ሲበራ «ዲናሞ ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አይባልም። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ ነው። ከተበጠሰ ሞተሩ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ወዲያው ቁሙ። ትርፍ ቺንጋ ከፊት ኮፋኖ ሥር አስቀምጡ።

እንግዲህ ትገዛ ወይስ ትቅር? በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና መጠገን የሞኝ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ቅዳሜውን በቅባት እጅ ማሳለፍ ለማይጠላ ሰው እመክራታለሁ፤ መኪና አስነስቶ መሄድ ብቻ ለሚፈልግ አልመክርም። ልትገዙ ስትሄዱ ዘይቷን አይታችሁ አትሽሹ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፑሌጃውን በሁለት እጃችሁ ያዙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፣ ሳቡት። የተፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ የተቀመጠበት የሞተሩ አካል ተበልቷል፤ ያንን ቀለበትና ጓርኒሲዮን አይመልሰውም።